መምሬ ገላው ያለፉት ቅጠል

ሰው ተሰብስቦ፣ ሲመክር ውሎ፣ አንዳች ነገር ሳይወስን ሲበተን እየተሳሳቀ የሚጥላት አንዲት ተረት አለች። እኔ ስሰማት አልስቅም፤ ደሜ ነው የሚፈላው። መነሻዋን ስለማውቅ ነው። ቅድመ አያቴም በቦታው ስለነበረና እንደ ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስለበላ ነው።

ነገሩ የሆነው በአንዲት የገጠር ደብር ሰንበቴ ላይ ነው። ሰንበቴተኛው በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሰበሰባል፤ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያመጣል። ይኸኛው ሰንበቴ ግን ከሌላው የሚለይበት ደንብ ነበረው። ቄሱ መምሬ ገላው መጽሐፍ ቅዱስን በተራ፣ ቅጠል ሳይዘሉ ያነባሉ። ከዚያ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት እያንዳንዱ ተነሥቶ ያለፈው ሳምንት ቃል ምን እንደሠራበት ይናገራል። ጥሩ ደንብ ነበር፤ ሰው በሳምንት አንዴ ራሱን ቢመረምር ምን ይከፋል? የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ቢሻው የሚባል ባለብዙ ጥማድ ሰው ነበር። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይነሣና "ትሕትና ተማርኩ" ይላል። ቅድመ አያቴ ደግሞ "ቁጣዬን ቀነስኩ" ይል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቁጣውን ሲቀንስ ከረመ።

ባለትሕትናው ቢሻው በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ የትሁኔን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ ስምንት ፈር ወደ ውስጥ አረሰ። ትሁኔ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ የዚያው ሰንበቴ አባል ናት። ስምንት ፈር ለቢሻው ምኑም አይደለም። ለእሷ ግን ካለቻት አንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ሲነሣ የልጆቿ የክረምት ቀለብ ነው።

የመንደሩ ዳኛ ወደሆነው ጭቃ ሹም ሄዳ አቤት አለች። ጭቃ ሹሙ ቢሻውን ሳይፈራ አልቀረም።

"እናንተ የአንድ ሰንበቴ ሰዎች ናችሁ" አላት። "ነገሩን በመጽሐፉ ፊት አቅርቢው። ቄሱና መጽሐፉ አጥፍቷል ካሉ ድንጋዩን እኔ ራሴ አስመልሳለሁ። ካላሉ ግን ከሙሴው ጋር አታጣዪኝ።"

ትሁኔ ፊደል አትቆጥርም፤ ጆሮዋ ግን አይረሳም። ወሰን ገፊን የሚረግም ቃል በኦሪት እንዳለ፣ ሲነበብም ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንደሚል ታውቃለች፤ እሷም ከባሏ ጋር ተቀምጣ አሜን ብላለች። ቃሉ መቼ እንደሚደርስ መምሬን ጠየቀቻቸው። ለምን እንደጠየቀች አልገባቸውምና "በአምስተኛው እሑድ" አሏት። አምስት እሑድ ታገሠች። ቢሻው በነጠቃት መሬት ላይ ዳጉሳ ሲዘራ እያየች ታገሠች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ቢሻው ሰዎቹን ይዞ ሄዶ የመምሬን ቤት ከዳር እስከ ዳር በአዲስ ሣር ከደነላቸው። ክረምቱ እየገባ ነበር፣ ቤታቸውም ያፈስ ነበር።

አምስተኛው እሑድ ደረሰ። መምሬ መጽሐፉን ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለበጡና ስለ በረከት ማንበብ ጀመሩ።

ትሁኔ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

"መምሬ፣ አንድ ቅጠል አልፈዋል።"

"ተቀመጪ ልጄ፣ ንባብ አይቋረጥም።"

"የወሰኑ ቃል ዛሬ ነው ብለውኝ ነበር። አምስት እሑድ ጠብቄዋለሁ።"

"እርግማን ይበዛበታል" አሉ መምሬ ቀና ሳይሉ። "በሰንበት ማዕድ ላይ ባይነበብ ይሻላል።"

"ባሌ በሕይወት ሳለ ሲያነቡትስ ሰንበት አልነበረም?"

ቢሻው ፈገግ ብሎ "ዳቦው ይደርቃል፤ ሴትዮዋን አስቀምጧት" አለ።

"እሺ፣ አያንብቡት" አለች ትሁኔ። ንዴቷን አልደበቀችም። "በአፍዎ ይንገሩኝ። የሙት ልጆችን መሬት አርሶ የዘራ ሰው፣ ትሕትና ተማርኩ ብሎ ከዚህ ማዕድ ይቆርሳል ወይ?"

መምሬ ገላው መጽሐፉን አጠፉ። በጨርቁ ጠቀለሉት፣ በማሰሪያው አሰሩት፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ሠላሳ ሰው ተቀምጧል። ድንጋዩ የት እንደነበር ሠላሳውም ያውቃል፤ ግማሹ ሲተከል በምስክርነት ቆሟል። አንድ እንኳ "በሕግ አምላክ" ያለ የለም። ቢሻው ዳቦውን በገዛ እጁ ቆርሶ አደለ፤ ተቀበሉ፤ በሉ። ቅድመ አያቴም በላ። ቁጣውን ቀንሷላ! እግዚአብሔር ለሰው ቁጣን የሰጠው ለእንዲህ ያለ ቀን መሆኑን በዓመት ሙሉ ንባብ ያልተማረ ሰው ምን ተማረ ይባላል? ዳቦውን የመለሱት እማሆይ አጸደ የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ ያን ቀን አፋቸውን አልከፈቱም።

በማግሥቱ ጭቃ ሹሙ ማሳው ዳር ሰው ሰበሰበ። ቢሻው ነጭ ኩታውን ደርቦ ቆሟል፤ መምሬም ከጎኑ ናቸው። ትሁኔ ድንጋዩ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስም አለች። ጭቃ ሹሙ ሰንበቴተኛውን አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ አልሰማሁም አለ፣ አንዱ ዘግይቼ ነው የመጣሁት አለ፣ ቅድመ አያቴ ጠላ ስቀዳ ነበር አለ። በመጨረሻ ወደ መነኩሲቷ ዞረ።

"እማሆይ፣ እርስዎ አይዋሹም። ይህች ሴት ስትጠይቅ ቄሱ ምን አሉ? መጽሐፉስ ምን አለ?"

እማሆይ አጸደ መምሬን አዩ፣ ቢሻውን አዩ፣ ዳጉሳው ብቅ ያለበትን የትሁኔን መሬት አዩ፤ ከዚያም መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው "ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም" አሉ።