ወንዙ ዳር ቆሞ የጠየቀው ንጉሥ

ሦስት አገር በአንድ ዘውድ የሚገዛ አንድ ንጉሥ ነበር። ይገዛል ማለት እንዲያው ለአፍ ነው እንጂ ሕግ የሚያወጣው የየአገሩ ሸንጎ ነው፤ ንጉሡ ያትማል፣ ያስታርቃል። ሦስቱ አገሮች አንድ ሲሆኑ የተማማሉበት ቃል ኪዳንም ነበራቸው። ንጉሡ ወደ አንዱ አገር ሲሻገር ወንዙ ዳር ይቆማል፤ ዘውዱን አውልቆ «ልግባ?» ይላል። ኬላ ጠባቂው በሸንጎው ስም «ይግቡ» ካላለው አይገባም።

ንጉሡ ሩኅሩኅ ነበር፤ ክፋቱ ችኮላው ነው። አንድ ክረምት ቆላውን አገር ጎርፍ መታውና አዝመራው ሁሉ ጠፋ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ፤ ሳይውል ሳያድር መቶ በቅሎ እህል አስጭኖ ገሠገሠ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ኬላው ባዶ ነው። ጠባቂው አያ ደምሌ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል።

«ሰው እየተራበ እዚህ ቆሜ ማንን ልጠይቅ?» አለና ዘውዱን እንደደፋ ተሻገረ። እህሉንም በገዛ ትእዛዙ ለየቤቱ አከፋፈለ።

በሳምንቱ ከቆላው ሸንጎ መልእክት መጣ። «ጃንሆይ፣ እህሉን በልተናል፤ እግዜር ይስጥልን። ከአንድነቱ ግን ልንወጣ ነው።»

ንጉሡ ክው አለ። አባትና አያቱ ያቆዩት አንድነት በእሱ እጅ ሊፈርስ ነው! «አበላኋቸው እኮ! ምን በደልኩ?» አለ። መኳንንቱ «ጦር ይላክ» አሉት። እሱ ግን፣ ደግ አደረገ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ ብቻውን ወደ ኬላው ወረደ።

«አያ ደምሌ፣ የገባሁት ለደግ አልነበረም እንዴ?»

«ለደግ ነው እንጂ! ልጆቼም ከዚያው እህል በልተዋል» አለ ሽማግሌው። «ግን ጃንሆይ፣ ዛሬ ለደግ ሳይጠይቅ የገባ ነገ ለክፉም አይጠይቅም። እርስዎ እንኳ ባይሆኑ ልጅዎ ይሆናል። ያን ጊዜ በምን አፋችን ‹ቁም› እንለዋለን?»

ንጉሡ አፈረ። ዘውዱን አወለቀና «እንግዲያው አሁን ልግባ?» አለ።

«ይቆዩ፤ ሸንጎውን ልጥራ።»

ቆመ። ፀሐዩ አናቱን እስኪበሳው ቆመ። ሸንጎው የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የቆላ ሰው መቼም ሲጠሩት ሮጦ አይመጣ! የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ብርቄ የምትባል ባልቴት፣ ንጉሡን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደግመን ብንራብና ጠባቂው ባይኖር ምን ያደርጋሉ?»

«ሰው እስኪሰማኝ ከዚህ ማዶ እጮኻለሁ። ኬላው ባዶ እንዳይሆን ግን እናንተ ሕግ አውጡ፤ እኔ አትማለሁ።»

ሸንጎው እዚያው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ሲከራከር ቆይቶ፣ ሁለተኛ ጠባቂ ይሾም ብሎ ደነገገ፤ ንጉሡም ማኅተሙን አሳረፈ። ያኔ ባልቴቷ ፈገግ ብላ «በሉ ይግቡ፤ ምሳም አልበሉ» አለችው። ሕዝቡ እልል አለ። የመለየቱ ነገርም ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ወዳጆቼ፣ የንጉሥ ደግነት ከንጉሡ ጋር ይቀበራል። አገሮችን አንድ አድርጎ የሚያቆያቸው ትልቁ ከትንሹ ደጅ ቆሞ መጠየቁ ነው። ክፉ ሰው ሕግ ሲጥስ እንጮኻለን፤ ደግ ሰው ሲጥስ ግን እናመሰግነዋለን፣ መንገዱም በዚያው ይለመዳል። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ «ለእነሱው ብዬ ነው» እያልን ሳናስፈቅድ የገባንበት የማን ደጅ አለ?