ለሁሉም የሚመልሰው ታላቅ ወንድም

ጠጋ በሉ፤ ያመነ ይመን፣ ያላመነ ዝም ብሎ ይሳቅ። በድሮ ዘመን፣ ድሮ ስል ባለፈው ጥር ነው፣ በአንድ ባትሪ ውስጥ ሦስት ወንድማማች ሴሎች ይኖሩ ነበር። ታላቁ ጎበዜ፣ መሐለኛው እንቅልፋሙ ይበልጣል፣ ትንሹ ደሞ ሽብሩ። ሥራቸው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጿን የምንትዋብን በራሪ ካሜራ፣ ድሮኑን፣ ማብረር ነው።

ምንትዋብ ሁሌ ትቸኩላለች። ቻርጅ ስታደርጋቸው ወፍራሙን ገመድ ብቻ ትሰካና፣ "እንዴት ናችሁ?" ትላለች።

ታላቅ እያለ ታናሽ ይመልሳል እንዴ? ጎበዜ ደረቱን ነፍቶ፣ "ሁላችንም ደህና ነን! ጥግብ ብለናል!" ይላታል። ሽብሩ ግን ሆዱ ግማሽ ነው። ታላቁን ማሳጣት ነውር መስሎት ዝም ይላል።

በመጀመሪያው ሠርግ ድሮኑ ዳሱ ላይ ዘጭ አለ። በሁለተኛው የአማቲቱ ክትፎ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

"ማነው የደከመው?" አለች ምንትዋብ።

"ሽብሩ ነዋ! ሰነፍ!" አለ ጎበዜ።

ሦስተኛው ሠርግ ከሐይቅ ማዶ ነው። "እዚያ ከወደቀ የሚቀርጸው ዓሣ ነው። ባትሪውን እጥለዋለሁ!" አለች።

ሽብሩ ይህን ሰማ። በሱ ጦስ ወንድሞቹም አብረው ሊወረወሩ!

ይሄኔ አሮጊቷ ቻርጀር አጉረመረመች። "አንቺ ልጅ፣ ወደ እያንዳንዱ ሴል የምትገባውን ነጯን ቀጭን ገመድ የሰጡሽ ለጌጥ ነው? ስኪያትና አንድ በአንድ ልጠይቃቸው።"

ገመዷ ተሰካች።

"ሽብሩ፣ እንዴት ነህ ልጄ?"

"ሁላችንም ደህና..." ብሎ ጎበዜ ጀመረ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ሞልተህ እየፈሰስክ ነው! ትንሽ ቢጨመርህ እንደ እርጉዝ ትነፋ ነበር" አለችው ቻርጀሯ።

ሽብሩ በዝግታ መለሰ። "እትዬ፣ እኔ... አልጠገብኩም።"

ቻርጀሯ ከጎበዜ ጠብ ጠብ እያረገች ቀነሰች፣ ሽብሩን እስኪሞላ ጠበቀች። እኩል ሲሆኑ ለምንትዋብ፣ "አሁን ጓሮ ውስጥ አንድ ክንድ ከፍ አርጊው። በሽተኛ የሚለየው ሸክም ላይ ነው" አለቻት።

ድሮኑ አንዣበበ። ሦስቱም እኩል እኩል ቀነሱ፤ ማንም አልጋለ፣ ማንም አልተነፋ።

"አየሽ? ሽብሩ አልታመመም፤ ተርቦ ነው!" አለች ቻርጀሯ።

ድሮኑ ሐይቁን ተሻገረ፣ ሙሽሪትን ቀረጸ፣ አንዲት ጠብታ ሳትነካው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ "እንዴት ናችሁ?" ሲባል ጎበዜ ምን ይላል መሰላችሁ? "እኔ ደህና ነኝ፤ ሽብሩን ራሱን ጠይቂው።"

እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተ ቤት ስትገቡ ዝም ያለውን ልጅ ለብቻው ጠይቁት። በጅምላ ሲጠየቅ የማይሰማ ረሃብ አለ።