የመበለቶቹ ገጽ

አንዲት ሴት ነበረች። ቀን አስተማሪ ናት፣ ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ተማሪ። ለመመረቅ የቀራት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። የተወለደችበት መንደር የመስኖ ውሃውን በተራ እንዴት እንደሚካፈል ልትጽፍ ተነሣች።

ይህን ነገር ከእሷ በፊት የጻፉ ሰው አሉ፤ አቶ ይርሳው ይባላሉ። ጽሑፋቸውን ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አግኝታ አነበበች። ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ተራው እንዴት እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ጽፈውታል። ከእርሳቸው በወሰደችበት ቦታ ሁሉ ስማቸውን አስቀመጠች።

ጓደኛዋ ብርቄ አየችና፣ «ኧረ እቴ፣ አቶ ይርሳው፣ አቶ ይርሳው፣ አሁንም አቶ ይርሳው! የአንቺ ምኑ ቀረ? በዚህ ማን ማርክ ይሰጥሻል?» አለቻት።

ትስቃላችሁ? ብርቄን ታውቋታላችሁ ማለት ነው።

ሴትየዋ ፈራች። ስማቸውን ከየቦታው አጠፋችና ጽሑፉን ለኮሌጁ መምህርት አስረከበች።

መምህርቷ አስጠሯት። «ይህን በአቶ ይርሳው ጽሑፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ይህንንም። ይህንንም» እያሉ ገለጡ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች የውሃ ተራቸው እንዴት እንደሚዘለል የሚናገረው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። «ይህንንስ ከማን ወሰድሽው?»

«እሱማ የራሴ ነው። ቦዩ ዳር አብሬያቸው ተቀምጬ ራሳቸው የነገሩኝ ነው።»

«እንዴት ልመንሽ?»

በየቅዳሜው በእግሯ እየሄደች የለፋችበት ገጽ ነው። ከእሷ በፊት እነዚያን ሴቶች የጠየቀ ሰው አልነበረም። የአቶ ይርሳውን ስም ስትሸፍን የራሷንም ድካም አብራ ሸፍናዋለች። እዚያው ቆማ አለቀሰች።

መምህርቷ ደግ ሰው ናቸው። «ሂጂ፣ አስተካክለሽ አምጪ» አሏት።

ሄደች። የአቶ ይርሳውን ስም ወደየቦታው መለሰች። ሴቶቹንም ፈቃዳቸውን ጠይቃ በየስማቸው ጻፈቻቸው። መምህርቷ አንብበው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

«አሁን አየሁሽ። እዚህ ድረስ ያመጡሽ አቶ ይርሳው ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ የሄድሽው አንቺ ነሽ።»

ተመረቀች። ዛሬ ስለዚያ ውሃ የሚጽፉ ልጆች የእሷን ስም ይጠቅሳሉ። ደስ አይልም? እኔን በጣም ደስ ይለኛል።

ወገኖቼ፣ በዚያ መንደር በሌላው ተራ ቦይ ሰብሮ ውሃውን ወደ ማሳው የሚመልስ ሰው ሌባ ይባላል። ይህን የጻፈችው እሷው ናት። ታዲያ የምንወስደው የሰው ቃል ሲሆን ለምን ይቀለናል? ያስጠናን ሰው አለ። የጸለየልን አለ። የምንመካበትን ሐሳብ አስቀድሞ ያሰበልን አለ። ስማቸውን የት አደረግነው?

ቤታችሁ ስትገቡ ጽሑፋችሁን ክፈቱ። ኑሯችሁንም አብራችሁ ክፈቱት። የሰዉን ለሰዉ መልሱ፤ ስሙን ጻፉለት። አትፍሩ፣ ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። ትንሽም ብትሆን የእናንተ የሆነችው ያኔ ትታያለች። «ይህቺ የእኔ ናት» ስትሉም የሚያምናችሁ ሰው ታገኛላችሁ።