የጃርት ማበጠሪያ

ተረት ልንገራችሁ፣ «እሺ» በሉኝ። እሺ ካላችሁ አንድ ጃርት ነበር።

ይህ ጃርት የወዳደቁ እሾሆቹን ለቃቅሞ በልጥ አሰረና ማበጠሪያ ሠራ። ጦጣ ጭራዋን አበጥራበት ወደደችው፤ በስኳር ድንች ገዛችው። ጎረቤቱ አያ ጅቦም «ገበያውን ለእኔ ተወው» ብሎ ደንበኛ ያጎርፍለት ጀመር። የወደቀው እሾህ ሲያልቅ ጃርት ከጀርባው እየነቀለ ይሸጥ ገባ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባው። አያ ጅቦ ፀጉሩ እንደዚያ ተንጨባሮ አንድም ማበጠሪያ አልገዛም።

«አያ ጅቦ፣ ለድካምህ ምን ልስጥህ?»

«ምንም። ሸጠህ ስትጨርስ ምራቂ ትሰጠኛለህ።»

ምራቂ የሚሰጠው ለገዛ አይደል እንዴ? ጃርት ሲነቅልም ሲያስርም አሰበው፣ አሰበው፤ አልገባህ አለው።

የመጨረሻዋ ማበጠሪያ በተሸጠች ቀን አያ ጅቦ ከተፍ አለ።

«ይቅርታ አያ ጅቦ» አለ ጃርት፣ የተላጠ ጀርባውን እያሳየው። «የምመርቅልህ አንዲት እሾህ እንኳ አልተረፈችኝም።»

«እሾሁንማ ማን ፈለገው?» አለ አያ ጅቦ ጠጋ ብሎ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ የቀረውን አያ ጅቦን ጠይቁ።