ማንም ያላጠጣው ጥድ

አንድ ግንበኛ በግቢው ጥግ ጥድ ተከለ። ቢሻው ይባላል። አፈሩን በተረከዙ ጠቀጠቀና እጁን አራገፈ።

«ውሃስ?» አለችው ሚስቱ አንጓች።

«እኔን ማን አጠጣኝ?» አላት።

ቢሻው ስለ ልጅነቱ ከዚህ በላይ አያወራም። እናትና አባቱን በአንድ ክረምት ቀብሮ፣ በሰው አገር ወፍጮ ቤት ጆንያ ላይ እያደረ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሰው ሆነ። ብቻዬን ነው ያደግሁት ብሎ ያምናል። ጥዱም እንደ እሱ እንዲያድግ ፈለገ።

አደገም። ከአጥሩ በላይ ሲወጣ ቢሻው እንግዳ በመጣ ቁጥር ግንዱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «ከእጄ አንዲት ጣሳ ውሃ አልቀመሰም» ይል ጀመር።

አንድ በጋ የሟች እህቱ ልጅ ጥሩዬ ከገጠር መጣች። የከተማው ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ የምታድርበት ግን የላትም።

«አጎቴ፣ አንድ ዓመት ብቻ ያስጠጉኝ። ጓዳው ይበቃኛል።»

ቢሻው ጥዱን አሳያት። «አየሽው? ማንም አላጠጣውም። ሂጂ፣ አንቺም ታድጊያለሽ።»

«እኔ እኮ ሰው ነኝ፤ ዛፍ አይደለሁም» አለችና ጓዟን አንስታ ወጣች። ገበያው ዳር አንዲት ጠላ ሻጭ ዘንድ ተጠጋች፤ ለማደሪያዋ ስትል ጋን ስታጥብ ትምህርቱ ያልፋት ጀመር።

አንጓች ያን ቀን ባሏን አላናገረችውም። በማግስቱ አዲስ የወለደች ሴት ልጇን ልትንከባከብ ራቅ ወዳለ አገር ሄደች።

ክርስትናው አልፎ ስትመለስ ጥዱ ከጫፉ ጀምሮ ወይቧል፤ ሲነኩት ይረግፋል። ቢሻው ሥሩን እየማሰ ነበር።

«ምስጥ የለበትም» አለ። «ምን ነካው?»

«እኔ ከሄድኩ ወዲህ ሳህንህን የት ነው የምታጥበው?»

«ማድ ቤቱ በር ላይ። ምነው?»

«እኔ የማጥበው እዚህ ነበር፤ ጥዱ ሥር። የዕቃው እጣቢ፣ የልብሱ እጣቢ፣ የእግርህ ውሃ ሳይቀር የሚደፋው እዚህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ማን ደበቀህ? ፊትህ ነው ስደፋ የኖርኩት። ዞር ብለህ አላየህም እንጂ።»

ቢሻው ዶማውን ተደግፎ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ ትዝ አለው። የባለ ወፍጮው ሚስት እትዬ ዘርፌ ሲመሽ በሩን መቆለፍ ትረሳ ነበር። ንፍሮ ያለበትን ድስትም ማንሳት ትረሳለች። እሱ ሹልክ ብሎ ይገባና እየበላ፣ «ምን ዓይነት ዝንጉ ሴት ናት!» ብሎ ይስቅባታል። ይህን ሁሉ ዘመን ዝንጉ ናት ብሎ ነበር የሚያስባት።

ጥዱን አጠጣውና ወደ ገበያው ዳር ሄደ። ጥሩዬ ጋኑ ላይ እንዳጎነበሰች ቀና አላለችም።

«ምን ረስተው መጡ፣ አጎቴ?»

«የጓዳው በር አይዘጋም» አላት። «ቁልፉ የት እንደገባ እንጃ።»

ጥሩዬ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ጓዟን አነሳች።

ጥዱ ክረምት ሲገባ አገገመ። ጫፉ ደርቆ ቀረ፤ ከጎኑ ግን አንድ ቅርንጫፍ ቀና ብሎ ቦታውን ያዘ።

ብቻዬን አደግሁ የሚል ሰው ውሸታም አይደለም፤ ዞር ብሎ ያላየ ነው። የሚያጠጣን ሁሉ ጣሳ ይዞ አይመጣም። አንዳንዱ እጣቢ ይደፋል፣ አንዳንዱ በር መቆለፍ ይረሳል፣ ምስጋናም ሳይጠብቅ ያልፋል። ያልታየ ውለታ የሚመለሰው ደግሞ ለሌላ ሰው በማድረግ ነው።

ለእናንተስ በሩን መቆለፍ የረሳው ማን ነበር?