ዳምጠው የኅሪትን ጨዋታ ሊያይ ሲነሣ

እናንተ አድምጡ፣ እኔ ላያይዝ። አንዱን ስስብ ሌላው ይከተላል፤ መሐል ላይ ያቋረጠኝ ሰው ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዳምጠው የሚባል ሰው ነበር። የቴኒስ ሜዳ ጠባቂ ነው። ጠዋት ጠዋት ቀዩን አፈር ውኃ ያጠጣዋል፣ በከባዱ ብረት ይዳምጠዋል፣ ከዚያ ነጩን መስመር በኖራ ያሰምራል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሥራውን አስቀድመው ያወቁ ይመስላል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፣ ኅሪት። ኅሪት በዚያ ሜዳ ዳር ኳስ እየለቀመች አደገች፣ ከዚያ ራኬት ያዘች፣ ከዚያ ትልልቆቹን ታሸንፍ ጀመር። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ናይሮቢ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ ላስተምራት ብሎ ወሰዳት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት።

አንድ እሑድ ደወለች።

«አባዬ፣ በግንቦት የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ። እዚሁ እኛ ጋ ነው።»

«በርቺ ልጄ።»

«በርቺ እንድትለኝ አይደለም የደወልኩት። ሜዳው ዳር የወላጆች ወንበር አለ። የሁሉም ሰው ይመጣል። የእኔ ወንበር ላይ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ቦርሳቸውን ነው የሚያስቀምጡበት። አንድ ቀን ብቻ ና። እንድታየኝ ነው።»

ዳምጠው እንዲህ በቀላሉ ቃል የሚገባ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን «እመጣለሁ» አለ።

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች። ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ለሚመጣ አንድ ወላጅ የአውሮፕላን ትኬት ይችላል። ዳምጠው የተላከለትን ደብዳቤ ይዞ ወደ ትኬት ቢሮ ሄደ። ሠራተኛዋ ደብዳቤውን አነበበች፣ ኮምፒዩተሯን ነካካች፣ «የፓስፖርት ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለችው። ዳምጠው ፓስፖርት የለውም። ከአገር መውጣቱ ቀርቶ አዋሽን እንኳ የተሻገረው ሁለት ጊዜ ነው።

«ያለ ፓስፖርት አልቆርጥልዎትም፣ ጋሼ። ቦታውን ግን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እይዝልዎታለሁ።»

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ።

ዳምጠው ፓስፖርት ሊያወጣ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ፎቶውን አቀረበ፣ መታወቂያውን አቀረበ። «የልደት ወረቀትስ?» አሉት። የተወለደው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ያዋለዱት አሮጊት ደግሞ ማንበብ መጻፍ አያውቁም ነበር። ወረቀት ከየት ይምጣ?

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ፤ ፓስፖርት «የልደት ወረቀት ይምጣ» አለ።

ወደ ቀበሌ ሄደ። መዝገቡን የምትይዘው ሠናይት የምትባል ወጣት ናት፤ ሰው አታመናጭቅም።

«እናት አባት አሉ?»

«አልፈዋል።»

«እንግዲያው ሲወለዱ የነበረ ታላቅ ዘመድ ያምጡልኝ። የአንድ እናት ልጆች ነን ብሎ ይፈርማል፣ እኔም በዚያው ቀን እጽፍልዎታለሁ።»

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ፤ ፓስፖርት «የልደት ወረቀት ይምጣ» አለ፤ የልደት ወረቀት «ምስክር ይምጣ» አለ።

ዳምጠው የተወለደበትን ቀን ከሚያስታውሱት በሕይወት ያለች አንዲት ሰው ናት፤ ታላቅ እህቱ አሰገደች። ለገሃሬ በሚባለው ሰፈር ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን አያማትም።

«በተወለድክ ቀን ውኃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ቀኑን ከነሰዓቱ እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ነገ እንሂድ፣ እትዬ።»

«አልሄድም።»

«ለምን?» አላት ዳምጠው።

«የእናቴ ልጅ ነው ብለሽ ፈርሚ ነው የሚሉኝ። እናቴ ያሳደገችው ሦስት ነው። ሁለቱ በአንድ ከተማ ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። በየትኛው አፌ ነው የአንድ እናት ልጆች ነን የምለው? በላቸው መጥቶ አጠገብህ ይቁም። ያኔ እፈርማለሁ።»

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ፤ ፓስፖርት «የልደት ወረቀት ይምጣ» አለ፤ የልደት ወረቀት «ምስክር ይምጣ» አለ፤ አሰገደች «በላቸው ይምጣ» አለች።

አሁን የሰባቱን ዓመት ነገር ልንገራችሁ። በላቸው የዳምጠው ታላቅ ወንድም ነው። እሱና ሚስቱ ባዩሽ፣ ረድኤት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ረድኤትና ኅሪት የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት መልስም ሆነ በክረምቱ ዕረፍት ሁለቱም ሜዳው ዳር በዳምጠው እጅ ይውሉ ነበር። አንድ ነሐሴ ላይ ተራራው ላይ ዘነበ፤ ከተማው ላይ ጠብ አላለም። አሸዋ ብቻ የነበረው ደረቅ ወንዝ ግን ሞልቶ መጣና ረድኤትን ወሰዳት። ስምንት ዓመቷ ነበር። ዳምጠው ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በወንድሙ ደጃፍ አላለፈም። በየዓመቱ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በላቸው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ዳምጠው ሱቁ በር ላይ ሲቆም ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። መጥረጉን አላቆመም።

«ጋሼ» አለ ዳምጠው። ከዚያ የመጣበትን ነገር ሁሉ፣ ከኅሪት ስልክ እስከ አሰገደች ድረስ፣ ቆሞ ነገረው።

በላቸው እስከ መጨረሻው ሰማው። «እኔ አንተን ልጠላህ ሞክሬ አልሆነልኝም» አለ። «ግን ማታ የምገባው ባዩሽ ያለችበት ቤት ነው። እሷ እሺ ሳትል እጄን ብዘረጋልህ፣ ልጇን ሁለተኛ እንደመቅበር ነው። የእሷን እሺታ አምጣ።»

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ፤ ፓስፖርት «የልደት ወረቀት ይምጣ» አለ፤ የልደት ወረቀት «ምስክር ይምጣ» አለ፤ አሰገደች «በላቸው ይምጣ» አለች፤ በላቸው «የባዩሽ እሺታ ይምጣ» አለ።

ዳምጠው ሽማግሌ ሊልክ አሰበ፣ ተወው። ራሱ ሄደ። ባዩሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ ግባም አላለች፣ ሂድም አላለች።

«እትዬ ባዩሽ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ምኑን?»

ዳምጠው ዓይኑን ወደ ምስሩ መለሰ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ትልካለህ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እነሱም ይቅር በይው ይሉኛል። ምኑን ብዬ ስጠይቃቸው አያውቁም። ያን ቀን ልጄ ምን ሆነች? ወንዝ ወሰዳት፣ እሱንማ ሰማሁ። እንዴት ወሰዳት? ከሰው ማን ነበር? ያን ቀን አንተ ዘንድ ነበረች፣ አንድ ቀን አልነገርከኝም። ንገረኝ፣ ከዚያ ይቅር የምለውን አውቄ እላለሁ።»

ዳምጠው አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ቆሞ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ተመለሰ።

ኅሪት «አባቴ ይምጣ» አለች፤ ትኬት «ፓስፖርት ይምጣ» አለ፤ ፓስፖርት «የልደት ወረቀት ይምጣ» አለ፤ የልደት ወረቀት «ምስክር ይምጣ» አለ፤ አሰገደች «በላቸው ይምጣ» አለች፤ በላቸው «የባዩሽ እሺታ ይምጣ» አለ፤ ባዩሽ «ቃልህ ይምጣ» አለች፤ ቃል «አልመጣም» አለ።

መጋቢት አለቀ፣ ሚያዝያ ገባ። ዳምጠው አፈሩን ያጠጣል፣ ይዳምጣል፣ ያሰምራል። መንገድ ላይ ብቻውን ሲሄድ ነገሩን ይጀምረዋል፤ ሁለት ቃል ብሎ ይተወዋል። ሰው የሚጠይቀው ወረቀት ቢሆን ተሰልፎ ያመጣው ነበር። ይህኛው ግን ራሱ ዘንድ ነበር ያለው፤ ተሰልፎ የሚጠብቅበት መስኮት የለውም።

ኅሪት እንደገና ደወለች። «ትኬቱ ተቆረጠ?»

«እየሄድኩበት ነው።»

«አባዬ፣ ካልሆነልህ ንገረኝ። አንዲት ጓደኛዬ እናትም አባትም ይመጡላታል፣ ወንበር አንሷታል። ለእሷ እሰጣታለሁ። አልቀየምህም።»

አልቀየምህም ያለችው ነገር ዳምጠውን ከቅያሜ በላይ ጎዳው። ስልኩን ዘጋና ያን ዕለት ከሰዓት ተነሥቶ ወደ ባዩሽ ቤት ሄደ። ቅዳሜ ነው፤ በላቸውም ቤት ነበር። ሁለቱም እያዩት መቀመጫ ሳይሰጡት መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቁሮ ነበር» ብሎ ጀመረ። «አይቻለሁ። ረድኤት፣ ‹አጎቴ፣ ወንዙን አሻግረን› አለችኝ። ሁለት መስመር ቀርቶኝ ነበር። ልጨርስ፣ ጠብቂኝ አልኳት። እሷ ቸኮለች፣ ሄደች። ኅሪት እኔ ጋ ቀረች።»

ባዩሽ አልተንቀሳቀሰችም።

«ከዚያ ድምፁን ሰማሁ፣ የወንዙን። ሮጬ ስደርስ አሸዋው መሐል አልነበረችም፣ አልፋ ነበር። ማዶ ልትደርስ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው የቀራት።» እዚህ ላይ ቃሉ ሊመለስበት ፈለገ፤ ያዘው። «ደንግጬ ስሟን ጠራሁ። ረድኤት አልኩ። ሰማችኝ። ዞረች። ወደ ማዶ አልሮጠችም፣ እትዬ። ወደ እኔ ነው የሮጠችው። ዝም ብል ኖሮ ትሻገር ነበር።»

በላቸው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባዩሽ ወደ ዳምጠው ጠጋ አለች።

«ስሟን ጠራሃት?»

«ጠራኋት።»

«ሰማችህ?»

«ሰማችኝ። አየችኝ።»

«እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ» አለች ባዩሽ፣ «ብቻዋን ነበረች እል ነበር። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይጠራት ሄደች እል ነበር። ተኝቼም የማየው እሱን ነው።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ወደ ዘመዷ ስትሮጥ ነበር በለኛ።»

ሦስቱም አለቀሱ። ሲያለቅሱ ማንም ማንንም አላባበለም። ከዚያ ባዩሽ ተነሥታ ለዳምጠው በርጩማ አመጣችለት።

«ሂድ፣ ልጅህን እያት» አለችው። «ስትመለስ ግን መጀመሪያ እዚህ ና። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዴት እንደምትሮጥ ትነግረኛለህ።»

ቃል መጣ፤ የባዩሽ እሺታ መጣ። የባዩሽ እሺታ ሲመጣ በላቸው መጣ፤ ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ለገሃሬ ላይ ከወንድሙ አጠገብ ቆመ። በላቸው ሲመጣ ምስክር መጣ፤ አሰገደች ሁለቱን ወንድሞቿን ግራና ቀኝ ተደግፋ ቀበሌ ገባችና «የአንድ እናት ልጆች ነን» ብላ ፈረመች። ምስክር ሲመጣ የልደት ወረቀት መጣ፤ ሠናይት እንዳለችው በዚያው ቀን ጽፋ ማኅተሙን አሳረፈችበት። የልደት ወረቀት ሲመጣ ፓስፖርት መጣ። ፓስፖርት ሲመጣ ትኬት መጣ፤ ለሚያዝያ መጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው። ትኬት ሲመጣ አባት መጣ።

ናይሮቢ ላይ ሜዳው ሰማያዊ ነበር። ዳምጠው ጎንበስ ብሎ ነካው፤ አፈር አይደለም። ወንበሩን አሳዩት፣ ተቀመጠ። ኅሪት ከቡድኗ ጋር ወጣች፤ ቁመቷ ጨምሯል። ዓይኗ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሲያልፍ ቆየና እሱ ላይ ቆመ። እጇን አላወዛወዘችም። ጎንበስ ብላ የታሰረውን የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

የገጠመቻት ልጅ ረጅም ናት። የመጀመሪያውን ዙር ኅሪት አሸነፈች፤ ሁለተኛውን ተሸነፈች፤ ሦስተኛውን ብዙ ታግላ ተሸነፈች። የልጅቷን እጅ ጨበጠች፣ ዳኛውን ጨበጠች፣ ከዚያ መጥታ ከአባቷ ወንበር ሥር መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ገና ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ተሸነፍኩ።»

«አየሁ።»

«መጨረሻ ላይ ያቺ ኳስ...»

«መስመሩን ነክታ ነበር። አየሁ።»

«ሁሉንም አየህ?»

«ሁሉንም። አንዷን ሩጫሽን አላሳለፍኩም። ለእትዬ ባዩሽ እነግራታለሁ ብያለሁ።»

ኅሪት ይህን ስም ከአባቷ አፍ ከሰማች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን አልሸሸም። ራሷን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።

«ወደ ግራ ስሮጥ ቀርፋፋ ነኝ» አለች። «እሱንም ንገራት።»