የፊታውራሪ አንዳርጌ የሑዳዴ ሕልም

ፊታውራሪ አንዳርጌ በሑዳዴ ጾም ሥጋ አማራቸውና የአንድ ጭሰኛ የእርሻ በሬ አስነድተው አሳረዱ። ከነአሽከሮቻቸው ጥሬውንም ጥብሱንም ሲበሉ ዋሉ። ወሬው የደረሳቸው የነፍስ አባታቸው መምሬ ተካልኝ በማግስቱ መጥተው፣ «እውነት በጾም ሥጋ በልተዋል?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«መብላቱንስ በልቻለሁ፤ ግን በሕልሜ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «ሕልም ደግሞ ጾም አያስገድፍም።»

አራጁም «እኔም ያረድኩት በሕልሜ ነው» አለ። ለካ አሽከሮቹ ሁሉ ያንኑ ሕልም አይተው ኖሯል። አንዱማ በሕልሙ የበላው ሥጋ ጥርሱ መሐል ገብቶበት፣ በስንጥር እየጎረጎረ ነበር የመሰከረው።

መምሬ ግራ ቢገባቸው የበሬው ባለቤት ይጠራ አሉ። ፊታውራሪ ጭሰኛው ላይ አፈጠጡበትና፣ «በል ተናገር፤ ሕልም ነው ወይስ እውን? እውን ነው ካልክ ስሜን አጥፍተሃልና ትገረፋለህ» አሉት።

«ኧረ ሕልም ነው ጌታዬ» አለ ጭሰኛው። «እኔም አይቼዋለሁ። ብቻ እርስዎ ነቅተዋል፤ እኔ ግን ገና አልነቃሁም። ዛሬ ጠዋት እንኳ በረቴን ባየው ባዶ ነው። እባክዎ አንድ በሬ ያስገቡበትና ይቀስቅሱኝ።»